ፋይል ለሚጋሩ፦ የአይፒ ማገጃን ከመምረጥ እስከ ማደስ

በቶረንት ፋይል የሚጋሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «አይፒ ማገጃ ጭኛለሁ፤ እየሠራ መሆኑን በምን ልወቅ?» ገባ ብለው ሲያዩት ብዙ ጊዜ እየሠራ አይደለም። ወይ ፕሮግራሙ አልሚ ካጣ ዓመታት አልፈዋል፣ ወይ ዝርዝሩ ሲጫን ባዶ ሆኖ ቀርቷል፣ ወይም አንድ ጊዜ ገብቶ ሳይታደስ ተረስቷል። ምልክቱ ስክሪኑ ላይ በርቶ ስለሚታይ ግን ባለቤቱ ተጠብቄያለሁ ብሎ ይተኛል። ጉዳዩን አጥብቄ የምይዘውም ለዚህ ነው፤ ማገጃ የሌለው ሰው ቢያንስ እንደሌለው ያውቃል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሙሉ በሙሉ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይከናወናል። የሚያስፈልግዎ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ ወይም ማክ ኮምፒዩተር፣ የታመቀ ፋይል መፍቻ (ሰቨን ዚፕ ይበቃል)፣ ትልቅ ፋይል መክፈት የሚችል የጽሑፍ ማረሚያ (ዊንዶውስ ላይ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ጥሩ ነው) እና ለሙከራ የሚሆን በሕግ የተፈቀደ ቶረንት ነው። ለሙከራው የኡቡንቱን ወይም የዴቢያንን መጫኛ ይውሰዱ፤ ሁለቱም በየድረ ገጻቸው ቶረንት ያቀርባሉ፣ ተጋሪም አያጡም።

1. ማገጃው የሚሠራልዎትንና የማይሠራልዎትን ይለዩ

የማገጃ ሥራው አንድ ነው፤ በዝርዝር ውስጥ ከሰፈረ አድራሻ ጋር ኮምፒዩተርዎ እንዳይገናኝ መከልከል። ከእርስዎ የሚወጣውንም ወደ እርስዎ የሚመጣውንም ግንኙነት ይቆርጣል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የተበላሸ ቁራጭ የሚልኩ፣ ምንም ሳይሰጡ ብቻ የሚወስዱ፣ በወንጀለኞች እጅ ከወደቁ ኔትዎርኮች የሚመጡ ፒሮች ይቀንሱልዎታል። ፒር ማለት ያንኑ ፋይል ከእርስዎ ጋር የሚጋራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። እርግጥ ቶረንት እያንዳንዱን ቁራጭ በሃሽ (ከይዘቱ በሚሰላ መለያ ቁጥር) ስለሚያጣራ የተበላሸው ተጥሎ እንደገና ይወርዳል፤ የባከነው ዳታ ግን አይመለስም። በሞባይል ጥቅል ለሚያወርድ ሰው ይህ የኪስ ጉዳይ ነው።

የማይሠራው ደግሞ ይህ ነው፦ ማገጃ አይደብቅዎትም። ቶረንት ሲከፍቱ አድራሻዎ ለትራከሩ፣ ማለትም ፒሮችን ለሚያገናኘው ሰርቨር፣ ይነገራል፤ ትራከሩም ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። የሚከታተልዎት አካል ከእርስዎ ጋር መገናኘት እንኳ ሳያስፈልገው ዝርዝሩን ከትራከር ወስዶ ሊሄድ ይችላል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን በግልጽ አሳይተዋል፤ ምንም ፋይል ላላወረዱ የኔትዎርክ ፕሪንተሮች አድራሻ የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳቸው ማድረግ ችለው ነበር። በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ደግሞ በሰፊው የሚሠራጩት የማገጃ ዝርዝሮች ክትትል የሚያደርጉ ብዙ አካላት እንደሚያመልጧቸውና ያልሆኑትንም እንደሚያካትቱ ደርሰውበታል።

ስለዚህ የቅጂ መብት ያለበትን ፊልም ወይም ዘፈን ለማውረድ «ማገጃ አለኝ» ብለው አይተማመኑ። ጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን «አብማኑንግ» የሚባለውን የጠበቃ ደብዳቤ ያውቁታል፤ በብዙ መቶ ዩሮ የሚቆጠር ክፍያ ይዞ ይመጣል፣ ማገጃም አያስቀረውም። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሊኑክስን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበቡትን የኪዊክስ የዊኪፔዲያ ጥቅሎች፣ የኢንተርኔት አርካይቭን ነጻ ስብስቦች እና የራሳቸውን ሥራ ለሚጋሩ ሰዎች ነው።

2. ሶፍትዌሩ አልሚ እንዳለው ያጣሩ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በድሮ ስም ነው። «ፒርብሎክን ጫን» ይሉታል፣ ፈልጎ ይጭናል። ፒርብሎክ በጊዜው ጥሩ ሥራ ነበር፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው እትም 1.2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሥራውን የሚያከናውነው በዊንዶውስ ውስጠኛ ክፍል በሚገባ ሾፌር ስለሆነ በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ሾፌሩ አልጫን ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ሴኪዩር ቡትን ያጠፋሉ። ይህን በፍጹም አያድርጉ። ከማያምኑት ፒር ለመጠበቅ ብለው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚጠብቀውን ዋና መቆለፊያ መክፈት ኪሳራ ነው።

የኔ ምክር የተለየ ማገጃ ፕሮግራም ከመጫን ይልቅ ማገጃው አብሮት የተሠራ የቶረንት ፕሮግራም መጠቀም ነው። ሦስት ጥሩ ምርጫዎች አሉ፦ ኪውቢትቶረንት፣ ትራንስሚሽን እና ዴሉዥ። ሦስቱም ክፍት ምንጭ ናቸው። ማገጃቸው የሚመለከተው የራሳቸውን ግንኙነት ብቻ ስለሆነ የባንክ ገጽዎን ወይም ኢሜይልዎን አይቆርጡም። ፒርብሎክ ግን የኮምፒዩተሩን ግንኙነት በሙሉ ስለሚያጣራ ድረ ገጾች ይዘጉ ነበር፤ ሰዎችም ተማርረው የድረ ገጽ መስመሩን በሙሉ ክፍት ያደርጉት ነበር።

አንድ ፕሮግራም በልማት ላይ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የመጨረሻው እትም መቼ ወጣ? ኮዱ በተቀመጠበት ቦታ የቅርብ ጊዜ ለውጥ አለ? ሰዎች ያስመዘገቡት ብልሽት መልስ ያገኛል? ኪውቢትቶረንትና ትራንስሚሽን ኮዳቸውን ጊትሃብ ላይ ስለሚያስቀምጡ ሦስቱንም በአንድ ቦታ ያገኟቸዋል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? በኪውቢትቶረንት ውስጥ ፋይል ሲወርድ የድረ ገጹን የደኅንነት ሰርተፊኬት ስህተት ችላ የሚል ጉድለት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተደብቆ ኖሯል። የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 5.0.1 እትም ነው። ጉድለቱ ረጅም ዕድሜ መኖሩ ያሳዝናል፤ አልሚ የሌለው ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ግን እስከ ዛሬም አይስተካከልም ነበር። አሮጌ እትም ላይ ያለ አንባቢ ከሁሉ በፊት እትሙን ያድስ።

3. ከዋናው ምንጭ ያውርዱ፣ ፊርማውንም ያረጋግጡ

በፍለጋ ውጤት አናት ላይ ማስታወቂያ ሆኖ የሚወጣውን ማውረጃ አይንኩ። የነጻ ሶፍትዌር ስም ይዘው ተጨማሪ ቆሻሻ የሚጭኑ ገጾች ብዙ ናቸው። ከፕሮጀክቱ ራሱ ገጽ ያውርዱ፤ ሊኑክስ ላይ ከሆኑ ከስርጭቱ የራሱ ማከማቻ መጫን ይበልጣል።

ዋናውም ገጽ ቢሆን ማጣራት አይቀርም። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. የትራንስሚሽን የማክ እትም 2.90 ከራሱ ከፕሮጀክቱ ገጽ ሲወርድ «ኬሬንጀር» የተባለ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ይዞ ተገኝቷል። ሰርጎ ገቦች መጫኛውን ቀይረውት ነበር። አልሚዎቹ በፍጥነት አንሥተው 2.92ን አወጡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሌላ ቫይረስ በተመሳሳይ መንገድ ገብቷል። ስለዚህ የሃሽ ቁጥሩን ካወረዱበት ገጽ ላይ ብቻ ማነጻጸር አይበቃም፤ መጫኛውን የቀየረ ሰው ቁጥሩንም ሊቀይር ይችላል። የአልሚዎቹ ዲጂታል ፊርማ ካለ በፊርማው ያረጋግጡ፣ ከሌለ ቁጥሩን ሌላ ቦታ ላይ ከወጣው ጋር ያስተያዩ።

4. ዝርዝሩን ይምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝር በበዛ ቁጥር ጥበቃው የሚጨምር ይመስለዋል፣ ያገኘውን ሁሉ ይደራርባል። ትልልቆቹ ዝርዝሮች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አድራሻዎችን ይዘጋሉ። በአይፒ ስሪት 4 ያለው አድራሻ በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ መሆኑን ያስቡ፤ ትልቁን ክፍል ሲዘጉ የሚዘጉት የሚከታተሉትን አካላት ብቻ ሊሆን አይችልም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከድሮዎቹ ዝርዝሮች መካከል የትምህርት ተቋማትን ብቻ የሚዘጋ አለ። የዴቢያንን ፋይል ከሚያካፍሉት መካከል ግን ዩኒቨርሲቲዎችም ይገኛሉ። ያንን ዝርዝር የጫነ ሰው ፈጣኖቹን ለጋሾች በገዛ እጁ ዘግቶ «ኔትዎርኩ ቀርፋፋ ነው» ይላል። ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያካፍሉት ፋይል ከሆነ ደግሞ ይባስ፤ ለምሳሌ የአማርኛ ዊኪፔዲያን የኪዊክስ ጥቅል ሲያወርዱ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ያለው ፒር አንድ ብቻ ከሆነና እሱም ከታገደ፣ ማውረዱ 99 በመቶ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ዝርዝር ሲመርጡ በዚህ መንገድ ይሂዱ። መጀመሪያ ዓላማዎን ይወስኑ፤ በወንጀለኞች የተያዙ ኔትዎርኮችን ማስቀረት ከሆነ የስፓምሃውስ ድሮፕ ዝርዝር አጭር፣ ንጹሕና በጥንቃቄ የሚታደስ ነው። አድራሻዎቹን የሚጽፈው በሌላ አቀራረብ ስለሆነ ግን ወደ ቶረንት ማገጃ አቀራረብ መለወጥ ያስፈልጋል። ለቶረንት የተዘጋጀ ዝርዝር ከፈለጉ በአይብሎክሊስት የሚሠራጩት አሉ፤ ከነሱ አንድ ይበቃል። የትኛውንም ቢመርጡ ማን እንደሚያዘጋጀው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታደሰ እና የተሳሳተ መስመር ሲገኝ ለማን እንደሚነገር ይጠይቁ። ሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ከሌላቸው ዝርዝሩን ይተዉት።

አንድ አድራሻ አንድ ሰው ማለት አለመሆኑንም አይርሱ። በሞባይል ኔትዎርክ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ። በአንድ አጥፊ ምክንያት የታገደ አድራሻ ብዙ ንጹሓንን ይዞ ይታገዳል።

5. ዝርዝሩን ከማስገባትዎ በፊት ከፍተው ይዩት

ያወረዱት ፋይል የታመቀ ከሆነ ይፍቱት። ትራንስሚሽንና ዴሉዥ የታመቀውን ራሳቸው ይፈታሉ፤ ኪውቢትቶረንት ግን አይፈታም። ሳይፈቱ የሚያስገቡ ሰዎች ምንም የስህተት መስኮት ሳይወጣባቸው ዜሮ ደንብ ይዘው ይኖራሉ።

ከተፈታ በኋላ በጽሑፍ ማረሚያው ይክፈቱት። ፒቱፒ የሚባለው አቀራረብ እንዲህ ይመስላል፦

የምሳሌ ድርጅት:203.0.113.0-203.0.113.255

ከሁለት ነጥቡ በፊት ስም፣ ከሱ በኋላ መነሻና መድረሻ አድራሻ። ዳት የሚባለው ደግሞ እንዲህ ነው፦

203.000.113.000 - 203.000.113.255 , 000 , የምሳሌ ድርጅት

በመካከል ያለው ቁጥር የእገዳ ደረጃ ነው፤ እስከ 127 ድረስ ያለው ይታገዳል፣ ከዚያ በላይ የሆነው ይታለፋል። ኪውቢትቶረንት አቀራረቡን የሚለየው በፋይሉ ስም ቅጥያ ነው። ይዘቱ ፒቱፒ ሆኖ ቅጥያው ዳት ከሆነ አያነበውም። ዊንዶውስም ቅጥያ ስለሚደብቅ ከማረሚያው ሲያስቀምጡ ሳያዩት «ቲኤክስቲ» ከኋላ ይጨመርበታል። በፋይል ማሳያው ውስጥ ቅጥያ እንዲታይ ያድርጉና ስሙን ያስተካክሉ።

ፋይሉ ውስጥ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ ከ0.0.0.0 እስከ 255.255.255.255 የሚል መስመር ካለ ያጥፉት፤ ዓለሙን በሙሉ ይዘጋል። ቀጥሎ በ192.168፣ በ10 እና ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩትን ይፈልጉ፤ እነዚህ የቤትና የቢሮ ውስጥ አድራሻዎች ናቸው። በአንድ ካምፓስ ወይም ካፌ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች እርስ በርስ የምትጋሩ ከሆነ እነዚህን ማገድ ያለ ኢንተርኔት ወጪ የሚገኘውን ፈጣን መንገድ መዝጋት ነው። በመጨረሻ ፋይሉ የድረ ገጽ ኮድ አለመሆኑን ያረጋግጡ። አውርጃለሁ ያሉት ዝርዝር አንዳንድ ጊዜ «ገጹ አልተገኘም» የሚል የስህተት ገጽ ሆኖ ይገኛል።

6. በፕሮግራሙ ውስጥ ያስገቡት

በኪውቢትቶረንት፦ «ቱልስ» ከሚለው ምናሌ «ኦፕሽንስ»ን፣ ከግራ በኩል «ኮኔክሽን»ን ይክፈቱ። ከታች «አይፒ ፊልተሪንግ» የሚል ክፍል አለ። ምልክት ያድርጉበት፣ የፋይሉን ቦታ ያሳዩት፣ ከጎኑ ያለችውን እንደገና መጫኛ ምልክት ይጫኑ። «አፕላይ ቱ ትራከርስ» የሚለውን ለጊዜው ሳያበሩ ይተዉት። ትራከሩ በተሳሳተ መስመር ውስጥ ከወደቀ ማውረዱ በሙሉ ይቆማል፣ ምክንያቱንም ለማግኘት ይቸገራሉ። ፋይሉን «ዳውንሎድስ» ውስጥ አይተዉት፤ አንድ ቀን ሲያጸዱ አብሮ ይጠፋል።

በትራንስሚሽን፦ በቅንብሮቹ ውስጥ «ብሎክሊስት» የሚለውን ያበራሉ፣ የዝርዝሩን የድረ ገጽ አድራሻ ይጽፋሉ፣ «አፕዴት» ይላሉ። በቦታው ተጽፎ የሚያገኙት አድራሻ ምሳሌ ብቻ ነው፤ ምንም ዝርዝር የለበትም። ሳይቀይሩት ምልክቱን ብቻ የሚያበሩ ብዙ ናቸው። ትራንስሚሽንን ያለ መስኮት ሰርቨር ላይ የሚያሠሩ ደግሞ የቅንብር ፋይሉን ከመቀየራቸው በፊት አገልግሎቱን ያቁሙት። እየሠራ ሳለ የጻፉትን ለውጥ ሲዘጋ በአሮጌው ይሽረዋል።

በዴሉዥ፦ «ፕለጊንስ» ውስጥ «ብሎክሊስት»ን ያብሩ፤ አድራሻውን ይጻፉ፤ በስንት ቀን እንዲታደስ ይምረጡ። ዴሉዥ ሊታገዱ የማይገባቸውን አድራሻዎች ለብቻ የሚመዘግቡበት ቦታም አለው።

ሊኑክስ ሰርቨር የምታስተዳድሩና ማገጃውን በሥርዓቱ ደረጃ ማድረግ የምትፈልጉ አይፒሴት ወይም ኤንኤፍቴብልስ ተጠቀሙ። እያንዳንዱን መስመር ነጠላ የአይፒቴብልስ ደንብ ማድረግ ሰርቨሩን ያዘገየዋል፤ እያንዳንዱ ፓኬት መስመር በመስመር ይነጻጸራልና። የአይፒሴት ስብስብ ሲፈጠር ወሰኑ ካልተጨመረለት ከ65536 በላይ አይቀበልም፤ ለትልቅ ዝርዝር ወሰኑን አስቀድማችሁ ከፍ አድርጉ። ከርቀት የምትገቡበት አድራሻ ከእገዳው በፊት እንዲፈቀድ አድርጉ፣ አለበለዚያ ራሳችሁን ውጭ ትቆልፋላችሁ። ደንቦቹም ሰርቨሩ ሲነሣ እንዲመለሱ ካላስቀመጣችኋቸው ይጠፋሉ።

7. እየሠራ መሆኑን ይፈትኑ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የቀደመውን ሁሉ በከንቱ ደክሟል ማለት ነው።

በኪውቢትቶረንት «ቪው» ከሚለው ምናሌ መዝገቡን («ሎግ») ይክፈቱ። የማገጃ ፋይሉ በትክክል መነበቡንና ስንት ደንብ እንደገባ የሚናገር መስመር ያገኛሉ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ወደ 5ኛው ደረጃ ይመለሱ፤ ችግሩ በቅጥያው ወይም በአቀራረቡ ነው። ቁጥሩ ከፋይሉ መስመሮች ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። ፋይሉ መቶ ሺህ መስመር ይዞ የገባው ሁለት ሺህ ከሆነ፣ በመካከል ያልተነበበ ነገር አለ።

ቀጥሎ የኡቡንቱን ቶረንት ይክፈቱና ፒሮች ሲገናኙ ይጠብቁ። ከፒሮቹ ዝርዝር አንድ አድራሻ ይቅዱ። ያንን አድራሻ መነሻም መድረሻም አድርገው በማገጃ ፋይሉ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፣ ያስቀምጡ፣ እንደገና ይጫኑት። ፒሩ ከዝርዝሩ መጥፋት አለበት፤ በመዝገቡ የታገዱ አድራሻዎች ክፍል ውስጥ ሊታይም ይችላል። ሙከራው ሲያልቅ መስመሩን ያጥፉት፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም።

ሌላ የሚረሳ ነገር አይፒ ስሪት 6 ነው። ለቶረንት የሚሠራጩት ዝርዝሮች በአብዛኛው የያዙት የስሪት 4 አድራሻ ነው። የኢንተርኔት አቅራቢዎ ስሪት 6 የሚሰጥ ከሆነ በዚያ በኩል ማንም ሳይታገድ ይገባል። በፒሮቹ ዝርዝር ውስጥ በሁለት ነጥብ የተከፋፈሉ ረጃጅም አድራሻዎች ካዩ ጉዳዩ እርስዎንም ይመለከታል። ያለዎት ምርጫ ሁለት ነው፦ ስሪት 6ን የሚይዝ ዝርዝር መፈለግ፣ ወይም ፕሮግራሙ በስሪት 4 ብቻ እንዲገናኝ ማድረግ። ፒቱፒ አቀራረብ ስምና አድራሻን የሚለየው በሁለት ነጥብ ስለሆነ ለስሪት 6 አይመችም።

8. ሳይበላሽ የሚታደስ ያድርጉት

አድራሻ ባለቤት ይቀያይራል። ዛሬ የአጥፊ የሆነው ከዓመት በኋላ የአንድ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ ማደስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። መስኮት ያለው ትራንስሚሽን በየሳምንቱ፣ ዴሉዥ በመረጡት የቀን ልዩነት ራሳቸው ያድሳሉ። ኪውቢትቶረንት ግን ዝርዝሩን ራሱ አያወርድም፤ በዊንዶውስ በታስክ ስኬጁለር፣ በሊኑክስ በክሮን ሥራውን ማስያዝ ይኖርብዎታል።

ሲያስይዙት አዲሱን ፋይል በቀጥታ በአሮጌው ላይ አያውርዱት። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትዎርክ ቢቋረጥ ግማሽ ፋይል ይዘው ይቀራሉ። መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ያውርዱ፣ ይፍቱ፣ ከዚያ መጠኑን ከአሮጌው ጋር ያነጻጽሩ። በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ አንሶ ከተገኘ አይተኩት፣ በዓይንዎ ይዩት። ካለፈ ብቻ ይተኩት፣ አሮጌውንም በሌላ ስም ያስቀምጡት። ኪውቢትቶረንት አዲሱን የሚያነበው እንደገና ሲጫን ወይም ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ነው።

ዝርዝር አቅራቢዎችም በነጻ የሚሰጡትን በጊዜ ወይም በቁጥር ይገድባሉ። በየሰዓቱ እንዲያወርድ ያደረገ ሰው ራሱ ይታገዳል።

9. በጠባይ የሚያግደውን ከዝርዝሩ ጋር ያስተባብሩ

የማገጃ ልማት አቅጣጫ አሁን በፒሩ ጠባይ ወደ ማገድ ነው፤ እኔም ከትልልቅ ዝርዝሮች ይልቅ ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው። ፒርባንሄልፐር የተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም አድራሻውን ሳይሆን ፒሩ የሚያደርገውን ይመለከታል። ለምሳሌ የሚያካፍሉት ፋይል 4 ጊጋባይት ነው እንበል። አንድ ፒር ከእርስዎ 6 ጊጋባይት ወስዶ ገና 10 በመቶ ላይ ነኝ ይላል። ይህ ሊሆን አይችልም፤ ፒሩ ይዋሻል፣ ያለ ማቋረጥ እየወሰደ የእርስዎን የመላኪያ አቅም ያባክናል። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን አይቶ ያግደዋል። ማንም ቀድሞ በዝርዝር ያላሰፈረውን አጥፊም ይይዛል።

ፒርባንሄልፐር ከኪውቢትቶረንትና ከዴሉዥ ጋር ይሠራል። እንዲሠራ ግን የቶረንት ፕሮግራሙ የድረ ገጽ መቆጣጠሪያ መከፈት አለበት፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መቆጣጠሪያውን ለዚያው ኮምፒዩተር ብቻ ክፍት ያድርጉት፣ በራውተሩ በኩል ወደ ውጭ አያውጡት፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይስጡት። የኪውቢትቶረንት አሮጌ እትሞች ሁሉም ሰው የሚያውቀው መነሻ የይለፍ ቃል ነበራቸው፤ ከ4.6.1 ወዲህ ቀርቷል። ከድሮ ጀምሮ እያደሱ የመጡ ከሆነ ያ አሮጌ ቃል አሁንም እንዳለ ይፈትሹ።

10. ብልሽት ሲያገኙ ለአልሚዎቹ ይንገሩ

እነዚህን ፕሮግራሞች የሚሠሩት በአብዛኛው በትርፍ ጊዜያቸው ነጻ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። ማገጃው በእርስዎ ኮምፒዩተርና ኔትዎርክ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሊያውቁ የሚችሉት እርስዎ ከነገሯቸው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ተጠቃሚ ብዙ ሆኖ ሳለ ከኛ የሚሄደው ሪፖርት ጥቂት መሆኑ ያስቆጨኛል።

ጥሩ ሪፖርት እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ያው ብልሽት ቀድሞ መመዝገቡን ይፈልጉ፤ ካለ አዲስ አይክፈቱ፣ ያለው ላይ ያክሉ። አዲስ ከሆነ የፕሮግራሙን እትም፣ የኮምፒዩተርዎን ሥርዓተ ክወና፣ የማገጃ ፋይሉን አቀራረብና መጠን ይጻፉ። ብልሽቱን እንደገና ለመፍጠር የሚያስፈልጉትን እርምጃዎች አንድ በአንድ ይዘርዝሩ። የጠበቁትንና የሆነውን ለይተው ይግለጹ። ከመዝገቡ የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ይቅዱ፤ የራስዎንና የሌሎችን እውነተኛ አድራሻ አጥፍተው በቦታው እንደ 203.0.113.5 ያለውን ይተኩ። ይህ አድራሻ ለምሳሌነት የተመደበ ስለሆነ ማንንም አይነካም። ብልሽቱ ለአጥቂ በር የሚከፍት ከሆነ በይፋ አይለጥፉት፤ ፕሮጀክቱ የደኅንነት ችግር በግል የሚቀበልበትን መንገድ ይጠቀሙ።

እንግሊዝኛው ከከበደዎት በአጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ አልሚዎቹ የሚፈልጉት እርምጃዎቹን እንጂ ውበቱን አይደለም። ኮድ የሚያውቅ የማገጃ ፋይል አንባቢውን ክፍል ይመልከት፤ ኮድ የማያውቅ ደግሞ ምናሌዎቹን ወደ አማርኛ በመተርጎም ይርዳ። በ4ኛው ደረጃ የመረጡት ዝርዝር አንድ ዩኒቨርሲቲን ወይም ነጻ ቤተ መጻሕፍትን በስህተት ዘግቶ ካገኙት፣ ከራስዎ ፋይል አጥፍተው ብቻ አይለፉት፤ መስመሩን ለዝርዝሩ አዘጋጅ ይላኩለት።